ዝናብና ማገዶ በሱባ ደን

ዓርብ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰበታን አልፈን መናገሻ ሱባ ደን ስንደርስ ዝናቡ ቀድሞናል። ድንኳን ከመትከላችን በፊት አስጎብኚያችን ልጆቹን ሽቅብ አሳያቸው፤ የደረቀ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበት ዛፍ ሥር አይታደርም። በሁለት ዝግባዎች መካከል ገመድ ወጥረን ሸራ ጣልንበት። ውኃው ገመዱን ተከትሎ ወደ ውስጥ መንጠባጠብ ሲጀምር አስጎብኚው ከሸራው ጫፍ ወጣ አድርጎ ገመዱ ላይ አጭር ክር ቋጠረበት። ከዚያ በኋላ ውኃው ክሩ ጋ ሲደርስ ወደ መሬት ይወርዳል። ልጄ ቆማ አይታ አልጠገበችም። እራታችን የጾም ነው፤ በሶና ቆሎ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። የዛሬው ትምህርት እሳት ነው፤ የደኑ ጥበቃዎች በፈቀዱልን ቦታ ላይ።

«መሬት የወደቀውን ተዉት፣ ውኃ ጠጥቷል» አለ አስጎብኚው። ቆሞ ከደረቀ ጽድ የተሰበረ ቅርንጫፍ አምጥቶ በመጥረቢያ ፈለጠው። ላዩ ርሷል፤ ውስጡ ግን ቀይ፣ ደረቅ፣ ሽታው ቤት የሚሞላ። ልጆቹ ፍልጩን በቢላ ስስ ስስ አድርገው ፋቁት፤ ፍቅፋቂው ከእንጨቱ ሳይነቀል ተጠቅልሎ ይቀራል። ክብሪት ቶሎ የሚይዘው እሱ ነው። የጽዱን ልጥ ደግሞ በመዳፋቸው አሽተው እንደ ጥጥ አባዘቱት። እርጥቡ አፈር እሳቱን እንዳያጠፋው ከሥር ጭራሮ ተረበረበ። ወንዱ ልጄ ግንድ ለመጫን ሲቸኩል አስጎብኚው «አታፍነው የኔ ልጅ፣ ይተንፍስ» አለው። ቀጥሎ የሚነደው እንጨት በእሳቱ ዙሪያ እየደረቀ ይጠብቃል። ሻዩ የፈላው ከቀትር በኋላ ነው፤ ጣፈጠን።

በበጋ ቢሆን አንድ ክብሪት ይበቃ ነበር፤ ልጆቹም ስለ እንጨት ምንም ሳያውቁ ይመለሱ ነበር። ስለዚህ ክረምቱን እመርጣለሁ።

የባለቤቴ ጋቢ ረጥቦ ከበደ። ጥጥ ከራሰ አያሞቅም፤ የሱፍ ብርድ ልብስ ግን ረጠብ ቢልም ሙቀት ይይዛል።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ቡሄ ከነገ ወዲያ ነው። ወንዱ ልጄ ከቤት ባመጣነው ቃጫ ጅራፍ መግመድ ተማረ፦ ሁለቱ ዘለላዎች እያንዳንዳቸው ወደ ቀኝ ይከረራሉ፣ እርስ በርስ ግን ወደ ግራ ይጠመጠማሉ። አንዱ ልፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቃል፤ ገመድ የሚጸናው በዚህ ነው።

ጉሬዛዎቹ ዝናቡ ሲያባራ ወጡ። ይህን ደን በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጽድ ዘር አስተከሉት ይባላል። ደኑ በሰው እጅ የተተከለ መሆኑን የሰማ ልጅ፣ የቆመ ዛፍ እንዳይጎዳ ቢላውን ወደ ሰገባው ለመመለስ ሁለተኛ አይነገረውም።

ለምትሄዱ፦ መንገዱ በክረምት ጭቃ ነውና ከፍ ያለ መኪና ያዙ። እሳት ከመለኮሳችሁ በፊት ጥበቃዎቹን አስፈቅዱ፤ ስትነሡ ፍሙ ላይ ውኃ አፍስሳችሁ በእጃችሁ መንካት እስክትችሉ ድረስ አቀዝቅዙት። የቆመ እርጥብ ዛፍ ግን እባካችሁ አትቁረጡ።