ቀጥ ብሎ የማይሄድ አውሮፕላን

ጠዳ ላደገ ሰው አውሮፕላን ብርቅ አይደለም። የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤታችን ነው። እኔን ግን ሰሞኑን የያዘኝ ከመሬት ያልተነሳው ነው።

አስመላሽ ዘፈሩን ታስታውሱታላችሁ? በኅብረተሰብ ጤና ከአለማያ ተመርቆ፣ ፓይለት ለመሆን ሲያመለክት ቁመቱ በ1 ሳንቲ ሜትር አጥሮ የተመለሰው። አላለቀሰም፤ አውሮፕላኑን ራሱ ሠራው። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው አሮጌ የቮልስ ሞተር ገጠመለት፣ ስሙንም ኬ-570ኤ አለው። ‹ኬ› ከእናቱ ከኪሮስ፣ 570 ሥራው ከፈጀው ቀን። ሰኔ 2007 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ ሞከረው፤ ፕሮፔለሩ ችግር ገጥሞት ሳይነሳ ቀረ።

ያኔ ሰዉ ሁሉ የጠየቀው ‹በረረ ወይስ አልበረረም?› ብቻ ነበር። (ጋዜጠኝነት ስንማርም ከዚህ የተለየ ጥያቄ ብዙ አልተማርንም።) እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ቢነሳስ ኖሮ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፊት አንድ ፕሮፔለር ያለው ትንሽ አውሮፕላን ሙሉ ጉልበት ሲሰጡት አፍንጫው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ፓይለቶች ይህን ‹ያው› ይሉታል። የኛው ‹ያው ነው› እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያውም ያው ያልሆነ ነገር ነው። ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ የሚወረውረው ንፋስ ገላውን እንደ ጥምጥም እየዞረ ሄዶ የጭራውን አንድ ጎን ይመታል። አፍንጫው ቀና ሲል ደግሞ ወደ ታች የሚወርደው ምላጭ ከሚወጣው የበለጠ ይስባል።

ወዴት ይሸሻል? ከወንበሩ ሲታይ ፕሮፔለሩ እንደ ሰዓት ከዞረ ወደ ግራ፤ ስለዚህ ቀኝ እግር ይረገጣል። የአሜሪካ መጻሕፍት ሁሉ ‹ቀኝ! ቀኝ!› የሚሉት ለዚህ ነው። ቮልስ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ፕሮፔለሩ በፍሪሲዮኑ በኩል ከታሰረ እንደ መጽሐፉ ነው፤ በፑሌጃው በኩል ከታሰረ ግን ዙሩ ይገለበጣል፣ የሚረገጠውም ግራ ይሆናል። መጽሐፉን በቃሉ የሸመደደ ጎበዝ ተማሪ ልክ በተሳሳተው እግር ይረግጣል ማለት ነው።

ማስተካከያው አስማት የለውም። መጀመሪያ መሬት ላይ፦ ከጭራው እስከ ሁለቱ ክንፎች ጫፍ ገመድ ወጥሮ እኩል መሆኑን መለካት፣ ለጭራው ቱንቢ መጣል፣ አንዱ ጎማ ፍሬን ይዞ እንዳይጎትት ማየት። ይህን ማንም አናጢ ይሠራዋል። ከዚያ በአየር ላይ፦ መስተዋት ቱቦ ውስጥ ያለችዋ ኳስ ከመሐል ወደ ቀኝ ከሸሸች ቀኝ እግር መረገጥ አለበት ማለት ነው። እግር ሁልጊዜ ተጭኖ አይኖርማ! ስለዚህ በጭራው መሪ የኋላ ጠርዝ ላይ መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ ትበየዳለች ወይም ትመታለች። መሪው ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከተፈለገ ቆርቆሮዋ ወደ ግራ ትታጠፋለች፤ ንፋሱ እሷን ሲገፋ መሪው በተቃራኒው ይሄዳል። ትንሽ ማጠፍ፣ መብረር፣ ማረፍ፣ እንደገና ትንሽ ማጠፍ። የምታገለግለው ግን ለአንድ ፍጥነት ነው፤ ሲነሱ እግር ሥራ አይፈታም።

እኛ ጋ ደግሞ ደጋው አለ። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተራ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ 40ው ወደ 30 ይወርዳል። መንደርደሪያው ይረዝማል፤ ፍጥነት እስኪመጣ ደግሞ የጭራው መሪ የሚይዘው ንፋስ ትንሽ ነው። ፓይለቱ በእግሩ ብቻ የሚታገልበት ጊዜ ይረዝማል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካሜራ በተደረደረበት አንድ ቀን ይለቃል? በ1928 ዓ.ም. የተበረረባት ‹ፀሐይ› እንኳ ለአውሮፕላን የተሠራ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተርና ሠሪ ፓይለት፣ የንጉሠ ነገሥቱን ጀርመናዊ ሉድቪግ ቬበርን፣ ነበራት። በ2016 ከጣሊያን ስትመለስ እልል ብለን ተቀበልናት፤ ደግ አደረግን። ለአስመላሽ ዓይነቱ ልጅስ፣ አሥር ጊዜ ተነስቶ አሥር ጊዜ የሚያርፍበት ሜዳና አጠገቡ የሚቀመጥ አስተማሪ ማን ይሰጠዋል? ቆርቆሮዋን እንኳ ራሱ ይገዛል።