ከጓሳ ጫፍ እስከ ለገሃር

መንዝ ላይ ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። የእኛ አገር ሰው ባቡርን ያወቀው ጉልበቱን ይዞ አዲስ አበባ ሲወርድ ነው። አጎቴም ከሞላሌ የወጣው እንደዚያው ነበር። ለገሃር ባቡር ጣቢያ ከፉርጎ ጭነት እያወረደ ኖረ፤ እኔንም ለትምህርት ሲያስመጣኝ የተቀበለኝ ቂርቆስ ሰፈር፣ የባቡሩ ጥሩንባ ከሚሰማበት የኪራይ ቤቱ ውስጥ ነው።

ጋሼ የምለው ይህ አጎቴ ከተማውን ሲያስተዋውቀኝ ከሐዲድ ማቋረጫው ጀመረ። «ተሻገር እንጂ እላዩ ላይ አትቁም» አለኝ። ባቡር ሊመጣ ሲል ዘበኛው ቀይ ጨርቁን ይዞ ከጎጆው ይወጣና ሰንሰለቱን መንገዱ ላይ ይወጥራል። ታክሲው፣ የተጫነ አህያ የሚነዳው ገበሬ፣ ደብተር የያዝነው ተማሪዎች፣ ሁላችንም አንድ ላይ እንቆማለን። መጀመሪያ ብረቱ ይነዝራል፤ ቀጥሎ መሬቱ በጫማችን ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ባቡሩ የሚታየው። ፉርጎዎቹን መቁጠር እወድ ነበር። ከድሬዳዋ የመጡ ሴቶች በመስኮት ብቅ ብለው ሰፈሩን ያያሉ፤ ከታች ያሉት ዘመድ መጥቶ እንደሆነ እየሮጡ ይፈልጋሉ። ሰንሰለቱ ሲወርድ ሰዉ ጨዋታውን ሳይጨርስ ይለያያል። እዚያ ቆሞ መጠበቅ ማንንም አያስቆጣም ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት የሚተዋወቅበት፣ የሞተና የወለደ የሚሰማበት ቦታ ነበር።

ማታ ማታ ጋሼ እግሩን በሞቀ ውሃ እየታጠበ ከሽማግሌ ሠራተኞች የሰማውን ያወራኛል። ብዙው እውነት እንደሆነ ያረጋገጥኩት አድጌ ማንበብ ስጀምር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ነው፤ ንጉሡም አላዩትም። የዛሬው የለገሃር ሕንፃ በ1922 ተሠራ፤ ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል በ1923 ቆመ። ጣሊያን ሮም ወስዶት ከቆየ በኋላ ተመልሶ ቦታው ላይ ተተከለ። ጋሼ ሥራ ሲጀምር ሁልጊዜ ወደ አንበሳው ቀና ብሎ ያይ ነበር፤ «አገሩ የተመለሰ ስደተኛ ነው» ይለዋል።

ከዚያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ጭራሹን ቀረ። ማንም አላወጀልንም። ሰንሰለቱ ሳይወጠር ወራት አለፉ፤ የዘበኛው ጎጆ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ ቆርቆሮውን አጣ።

ጋሼ ካረፈ በኋላ አሮጌውን መስመር ከለገሃር እስከ አቃቂ በእግሬ ተከትዬዋለሁ። አንዳንድ ቦታ ሁለቱ ብረቶች ከአስፋልቱ ጋር እኩል ሆነው ያብረቀርቃሉ፤ ሌላ ቦታ ቤት ተሠርቶባቸዋል። አቃቂ አካባቢ አንድ ጡረታ የወጡ ማቋረጫ ጠባቂ አገኘሁ። ባቡሮቹን በሰዓታቸው እንጂ በቁጥራቸው አያስታውሷቸውም። «የጠዋቱ፣ የቀትሩ» እያሉ ሲነግሩኝ እጃቸው ሰንሰለት የሚወጥር ይመስል ይዘረጋ ነበር። ያሳዘነኝ የእሳቸውን ሥራ የሚያስታውስ አንድም ምልክት በመንገዱ ላይ አለመኖሩ ነው። አባቶቻችን የመንዝ ጓሳን ሣር ቄሮ በሚባለው የአገሬው ሥርዓት ለ400 ዓመት ገደማ ጠብቀው አቆይተዋል። ከተማው አንዲት የዘበኛ ጎጆ ማቆየት አያቅተውም ነበር። በ2011 የለገሃር አዲስ መንደር ግንባታ ሲጀመር ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ ትልቁ ሕንፃ ጠበቃ አያጣም፤ ትንንሾቹ ግን ማንም ሳያያቸው ይፈርሳሉ።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። አሁን ከመንዝ የመጣ ሰው ላምበረት ከአውቶቡስ ወርዶ፣ መገናኛ ላይ ተሳፍሮ ለገሃር ይደርሳል። ለእናቴ ያሳየሁ ቀን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከባቡሩ ላይ ሆና ከተማውን ስታይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሆኖም ሐዲዱ መሬት ላይ በሚሄድበት ቦታ ሁሉ በአጥር ታጥሯል። ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ሱቆች መካከል ለመሻገር ሩቅ መዞር ግድ ነው። አሮጌው ባቡር ለደቂቃዎች አስቁሞን ያሳልፈን ነበር፤ አዲሱ ግን ሰፈሩን ቀኑን ሙሉ ለሁለት ከፍሎታል። የመሻገሪያ ቦታ በበቂ ቢሠራ ይህ ይቃለል ነበር፤ አሁንም አልመሸም።

ለመንዝ ከሁሉም የቀረበው ሐዲድ ሦስተኛው ነው፤ ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መስመር። ሥራው በ2007 ሲጀመር ከጓሳ ጫፍ ቆመው ቆላውን የሚያዩ ዘመዶቼ ተራራው ሲፈነዳ ይሰሙ ነበር። ዋሻው ተበሳ፣ ድልድዩ ቆመ፣ ሐዲዱ ተነጠፈ፤ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ መስመሩ ተጎዳ፤ መንገደኛም ሳይጫንበት ቀረ።

ሸዋ ሮቢት ወርጄ ሐዲዱን አይቼዋለሁ። ፍየል የሚጠብቁ ልጆች በነፃነት ይሻገሩታል። አብረውኝ የነበሩት የማሾ ነጋዴ ብረቱን በከዘራቸው መታ አድርገው፣ «ይህ ቢሄድ እኮ የእኔ ማሾና የእናንተ የመንዝ በግ ባንድ ፉርጎ አዋሽ ይወርዱ ነበር» አሉኝ። መቼ ይሄዳል ብለውኝ ነበር፤ የምነግራቸው ቀን ስላልነበረኝ ለገሃር ስለሠራው አጎቴ አጫወትኳቸው፤ እሳቸውም ፉርጎ ስንት ኩንታል እንደሚይዝ ደጋግመው ጠየቁኝ።