ውሻውን የማያውቅ ሰው ፈልጊ

አቃቂ ቃሊቲ፣ ጥቅምት

ለምወድሽ ልጄ፣

ሽሮውንና በርበሬውን እናትሽ ለብቻ አዘጋጅታልሻለች፤ የእኔ ድርሻ ይህ ደብዳቤ ነው። የመሥሪያ ቤት ሥራሽን ትተሽ፣ አያት አካባቢ ክፍል ተከራይተሽ፣ ሰዎች በየቤታቸው የሚያሳድጓቸውን ውሾችና ድመቶች ፎቶ በማንሳት ልትኖሪ መወሰንሽን ከነገርሽን ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። ፎቶ ቤት ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝና የምለው አላጣም። በስልክ የተባለ ይረሳል፤ ወረቀት ግን ደጋግመሽ ታነቢዋለሽ።

በመጀመሪያ የሰፈሩን ወሬ እናንሳው። «ደግሞ ለውሻ ፎቶ!» ያለሽን ሰው አትቀየሚው፤ ቃሉንም ልብሽ ውስጥ አታስገቢው። እኛ ነገሥታታችንን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ሲባሉ የፈረስ ስማቸው ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ጌጡ ሳይጎድል፣ ዓይኑ ጎልቶ ነው የሚሳለው። ካሜራ ወደ አገራችን ገብቶ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው፣ የቤተ መንግሥቱን ሰው ሲያነሱ ኖረዋል፤ ጃንሆይ ከዚያች ሚጢጢ ውሻቸው ከሉሉ ጋር ሆነው የተነሷቸው ፎቶዎችም ዛሬ ድረስ ይታያሉ። እንስሳን አክብሮ ማየት ከውጭ የመጣ ቅንጦት አይደለም። ስለዚህ በሥራሽ አትፈሪ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ስትመጪ የተውሽልንን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን አየናቸው። እናትሽ «ውይ ሲያምሩ!» አለች። ጎረቤታችን ደግሞ የጥቁር ውሻውን ፎቶ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ግን ልብ በይ፤ ጎረቤታችን ያየው ፎቶውን አይደለም። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ጎህ ሲቀድ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን ውሻውን ነው ያየው። እናትሽም ያየችው ልጇን ነው። የቤት እንስሳ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ ደንበኛሽ ሁሉ ፎቶውን ከማየቱ በፊት የሚወድደው ነገር አለ። ብዥ ያለውንም፣ የጨለመውንም፣ ጆሮው የተቆረጠውንም ይወድልሻል። አንቺም ምስጋናውን እየሰማሽ አንድ ቦታ ላይ ቆመሽ ትቀሪያለሽ።

የመጀመሪያው ምክሬ ስለዚህ ይኸው ነው፤ ውሻውንም አንቺንም የማያውቅ ሰው ፈልጊና ፎቶውን አሳዪው።

ምን ማለቴ እንደሆነ እንዲገባሽ፣ ያንኑ የጥቁሩን ውሻ ፎቶ የማን እንደሆነ እንደማያውቅ ሰው ሆኜ ልየው። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ውሻው ላይ ሳይሆን ከኋላው ያለው ቢጫ ጀሪካን ላይ ነው። ደማቅ ቀለም ዓይን ይጠራል፤ ጀሪካኑ ፍሬሙ ውስጥ እስካለ ድረስ ውሻው ሁለተኛ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብትይ በውሻው ገላ ይሸፈን ነበር። ሰንሰለቱ አንገቱን አቋርጦ አልፏል፤ ባለቤቱ አጠገብሽ ቆሞ ስለነበር ወደ ኋላ ሳብ እንዲያደርግልሽ መጠየቅ ብቻ ይበቃሽ ነበር። የፊት እግሩ ከመዳፉ በላይ ተቆርጧል። ወይ እግሩን ሙሉውን አስገቢ፣ ወይ ደረቱ ላይ ቁረጪ፤ መሐሉ ላይ ሲሆን ሳታውቂው የተቆረጠ ይመስላል።

እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። ከባዱ ዓይኑ ነው። በማጉያ መነጽር ፈለግሁት፤ ብሌኑ ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ የለችም። በጥቁር ፀጉር መሐል ያለ ጥቁር ዓይን ብርሃን ካላረፈበት የለም ማለት ነው። ጥላው ከሆዱ ሥር ተሰብስቦ ስለሚታይ ቀትር ላይ እንዳነሳሽው አውቄአለሁ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ሳምንታት ቀጥ ብላ አናት ላይ ትወጣለች፣ በሌላውም ወር ቢሆን ብዙ አትርቅም። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ግንባርን ያበራና ዓይንን ጥላ ውስጥ ይጥለዋል። በዚያ ላይ ካሜራው ጥቁር ነገር ፍሬሙን ሲሞላው የመሸ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ፀጉሩ አመድ መስሎ የወጣው፣ የቆርቆሮው አጥር ነጭ ሆኖ የነደደው ለዚህ ነው። ለጥቁር ውሻ አንድ ስቶፕ ቀንሺ፣ ለነጭ ድመት አንድ ጨምሪ፣ ከዚያ ውጤቱን አይተሽ አስተካክዪ።

ያ ውሻ የሚፈልገው የበር አፍ ነው። ከግቢው በር ጥላ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ይቀመጥ፤ አንቺ ከውጭ በኩል ተንበርከኪ። ከፊቱ ያለው ክፍት ሰማይ ሁለቱም ዓይኖቹ ውስጥ ይገባል፣ ፀጉሩም ጥቁርነቱን ሳይለቅ ዝርዝሩ ይታያል። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት በኋላ ከሆነ ደጅ ላይም ይሆናል። ፍላሽ ግን ተዪው፤ የውሻና የድመት ዓይን ከኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ ያበራብሻል። የእኛን ሰፈር ቡናማ ውሾች ስታነሺ ደግሞ አጥሩን አስቢ። ቡናማ ውሻ ዝገት በበላው ቆርቆሮ ፊት ሲቆም ቀለሙ ከቆርቆሮው ጋር ይዋሃድና ይጠፋል፤ 3 ወይም 4 ሜትር ከአጥሩ ስታርቂው ነው ከኋላው ብዥ ብሎ እሱ የሚወጣው።

ይህን ሁሉ ስጽፍልሽ ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ። እኛ አገር ይሉኝታ ብዙ ነገር ያስውጣል፤ ሰው ፊት ለፊት «ይህ አልሆነም» ማለት ነውር ይመስለናል። ቅኔ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ በሌላው፣ ተማሪው ብቻውን ሲያወጣ ሲያወርድ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ጓደኞቹ ይሰማሉ። ቤቱ ከጎደለ፣ ምሥጢሩ ካልሰመረ መምህሩ እዚያው ያርመዋል፣ ተማሪውም ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። ማንም ተዋረድኩ ብሎ አያኮርፍም፤ መታረሙ ትምህርቱ ነውና። ባለቅኔዎቻችን የወጡት ከዚያ ነው። በፎቶ ሥራም እንዲሁ ይሁን ስልሽ ከባዕድ የተዋስኩት ነገር አይደለም።

ታዲያ ማንን ትጠይቂያለሽ? አንዱ የእንስሳት ሐኪም ነው። ከእኛ ሰፈር ዱከምን አልፈሽ ቢሾፍቱ ስትደርሺ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ከዚያ የወጡ ሐኪሞች በከተማው ሞልተዋል። ፎቶሽን ለአንዱ አሳዪ። እኛ «ፈገግ ብሏል» የምንለውን እሱ «ፈርቷል» ሊልሽ ይችላል። ጆሮ ወደ ኋላ መተኛቱ፣ የዓይን ነጭ በጎን መታየቱ፣ ሳይርበው ከንፈሩን መላሱ፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ማዛጋቱ፣ ሁሉም የጭንቀት ምልክት ናቸው። በላክሽው የቡችላ ፎቶ ላይ ምላሱ አፍንጫው ላይ ወጥቶ እናትሽ በጣም ስቃበታለች። እኔ ግን ጆሮዎቹን አየሁ። ሌንስ ለውሻ የማይርገበገብ ትልቅ ዓይን ነው፤ ካሜራውን መሬት ላይ አስቀምጠሽ እስኪያሸተውና እስኪሰለቸው ድረስ ቁጭ ብትዪ ኖሮ ሌላ ፎቶ ይሆን ነበር።

ሌላው ሠዓሊ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሥራቸውን አቁመው መተቻቸት የለመዱ ናቸው፤ ስለ ብርሃንና ስለ ቅርጽ ሳይደብቁ ይነግሩሻል። አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስትም ከዐውደ ርእዩ ጎን ወጣቶች ሥራቸውን ይዘው ባለሙያ ፊት የሚቀርቡበት ጊዜ ነበረው። እንዲህ ያለ መድረክ ሲከፈት ሥራሽን ይዘሽ ሂጂ። የውሻ ፎቶ ነው ብለሽ አትሸማቀቂ። ኤሊየት ኧርዊት የሚባለው አሜሪካዊ ዕድሜ ልኩን ውሻ ሲያነሳ ኖሮ ነው በ2023 እ.ኤ.አ. ያረፈው። በ1974 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ያነሳውን ፈልገሽ እዪው፤ ካሜራው መሬት ወርዶ ከትንሿ ውሻ እኩል ሆኗል፣ ከሴትዮዋ የሚታየው ቡትስ ጫማዋ ነው፣ ከትልቁ ውሻም እግሮቹ ብቻ። ቆመሽ ብታነሺ ይህ ፎቶ የለም። የአንቺ ፎቶዎች አብዛኞቹ ከላይ ወደ ታች የተነሱ ናቸውና ጉልበትሽን ለአቧራ ለምጂው።

ስታሳዪ «እንዴት ነው?» አትበዪ። እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱ «ጥሩ ነው» ብቻ ነው። «ዓይንህ መጀመሪያ የት ሄደ?» ብለሽ ጠይቂ። «ምን ቢወጣ ይሻላል?» በዪ። ከዚያ ዝም በዪ። ውሻው አልቀመጥ እንዳለ፣ ዝናብ እንደመጣ፣ ባለቤቱ እንዳስቸኮለሽ አትዘርዝሪ፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አንቺ አጠገቡ ቆመሽ አታስረጂለትም። የተባልሽውን በደብተር ጻፊ፣ አሳድሪው፣ በማግሥቱ ፎቶውን እንደገና እዪው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ከጠቆሙሽ እዚያ ነገር አለ። አንዱ ብቻ ያለውን አመዛዝነሽ መተውም መብትሽ ነው። ስለ ካሜራሽ ዋጋ ወይም ስለ ሌንስሽ ዓይነት ብቻ የሚያወራውን ሰው ግን በትሕትና አመስግነሽ እለፊው፤ ፎቶሽን አላየም።

የባለቤቱን አስተያየት ናቂ ማለቴ አይደለም። እሱን የምትጠይቂው አንድ ነገር አለ፤ «ይህ በእርግጥ የአንተ ቡቺ ነው?» የሚለውን። ከእሱ በቀር ይህን የሚመልስ የለም። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ማድረጉ፣ አንደኛው ጆሮው ሳይነሳ መቅረቱ፣ ሰው ሲመጣ አንድ እግሩን ማንሳቱ የሱ ጠባይ መሆኑን የሚያውቀው እሱ ነው። ፎቶው ብርሃኑም ፎከሱም ልክ ሆኖ «የኔን አይመስልም» ካለሽ፣ የሐኪሙም የሠዓሊውም ምስክርነት አይጠቅምሽም፤ ተመልሰሽ አንሺ። እኔ ለመታወቂያ ፎቶ ሁለት ጆሮ ካልታየ አይሆንም እየተባልኩ ስንቱን ሰው አድርቄ አንስቻለሁ፤ ደንቡ ነበር። አንቺን ግን እንዲህ ያለ ደንብ አይዝሽም፤ የእያንዳንዱን ጠባይ ጠብቂ።

አንቺም ተራሽ ደርሶ ሌላ ልጅ ፎቶ ይዞ ሲመጣብሽ፣ እንዳይከፋው ብለሽ አትዋሺው፤ አዋቂ ለመምሰል ብለሽም አትስበሪው። የሠራለትን በስሙ ጠርተሽ ንገሪው፣ ያልሠራውንም በጣትሽ አሳዪው፣ በምን እንደሚስተካከል ጨምሪበት።

አንድ የማልለምንሽ፣ የማዝሽ ነገር አለ። የክትባት ወረቀቱን ሳታዪ ወደማታውቂው ውሻ አትጠጊ። ንክሻው ቀላል ቢመስልሽ ወይም ጫር ብቻ ቢያደርግሽ እንኳ፣ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ተቋም ሂጂ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት አይመልሰውም። ዛሬ ነገ እንዳትዪ።

አሁን የምጠብቀው ይኸን ነው። በዚህ ወር ካነሳሻቸው የምትኮሪባቸውን ሳይሆን የምትጠራጠሪያቸውን አሥሩን መርጠሽ በወረቀት አሳትሚያቸው፤ ስልክ ላይ ትንሽ ሆኖ ሁሉም ያምራል። ከጀርባቸው የውሻውንም የባለቤቱንም ስም አትጻፊ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኚ ላኪያቸው፤ እያንዳንዱ ላይ ያየሁትን በእርሳስ ጽፌ እመልስልሻለሁ። ያልተስማማሽበትን ከሥሩ በእስክሪብቶ ጻፊና መልሰሽ ላኪልኝ፤ እንከራከርበታለን።

የሚወድሽ አባትሽ