ሦስት ሌሊት በዲንሾ ጫካ

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና አንድ የሙያ ምስጢር ላካፍልዎ። «ከተፈጥሮ ጋር የተስማማ ማረፊያ» የሚል ማስታወቂያ ሲያነቡ፣ ሙቅ ውሃ በባልዲ እንደሚመጣልዎ ይወቁ። «ጸጥታ የሰፈነበት» ማለት ስልክዎ ኔትወርክ አያገኝም ማለት ነው። «ባህላዊ ማሞቂያ» ደግሞ እሳት ነው፤ የሚያነዱትም እርስዎ ራስዎ ነዎት። እንዲህ ያሉ ሐረጎችን ለዓመታት ስጽፍ ኖሬአለሁ። ባለፈው የግማሽ ዓመት የትምህርት ዕረፍት ግን ሦስቱም የተጻፉለትን ቤት፣ ትርጉማቸውን እያወቅኩ ከፍዬ ገባሁ።

ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ናት። የምትገኘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ባለባት በዲንሾ ከተማ አጠገብ፣ ጥድና ኮሶ በበዛበት ጫካ ውስጥ ነው። ስሟን አልነግርዎትም፤ ዕረፍት ላይ ሆኜ ለማንም ማስታወቂያ አልሠራም።

የሄድነው አምስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የአሥርና የስድስት ዓመት ልጆቻችን፣ እና አባቴ። አባባን ማሳመን ቀላል አልነበረም። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አባባ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ፣ ዜና ይሰማሉ፣ ሲጠየቁ «ደህና ነኝ» ይላሉ፣ ይተኛሉ። በወራት ውስጥ ከእሳቸው የሰማሁት ረዘም ያለ ንግግር ስለ ጉዞው ስነግራቸው የመለሱልኝ ነው። «እኔ ከጭስ ቤት ለመውጣት ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። አንቺ ገንዘብ ከፍለሽ ልትመልሺኝ ነው?»

አባባ የመንዝ ሰው ናቸው። ስለ መንዝ የነገሩን ሁሉ ቢጻፍ ግን ግማሽ ገጽ አይሞላም ነበር። በመጨረሻ ያሸነፏቸው ልጆቹ ናቸው፤ «አባባ ካልሄዱ እኛም አንሄድም» ብለው ጫማ አናወልቅም አሉ።

ከአዲስ አበባ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሻሸመኔ በኩል መሄድ ይቻላል፤ እኛ በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ አድርጎ ዶዶላ አካባቢ የሚያወጣውን መንገድ መረጥን። ልጆች ከያዙ እርስዎም ይህንኑ ይምረጡ። የአርሲ ስንዴና ገብስ ታጭዶ፣ የገለባው ክምር ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ጎጆ ተደርድሮ ያገኙታል። በቆጂ ሲደርሱ መኪናውን አቁመው ልጆቹን ትንሽ ያሯሯጧቸው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የፈለቁበት አገር ነው። የእኔዎቹ መቶ ሜትር ሳይሞሉ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ስለ አየሩ ማነስ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የደረስነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ፀሐይ ከጥዱ ጀርባ እንደገባች ብርዱ ቀስ እያለ አይመጣም፤ ባንዴ ነው የሚወርደው። ቤቷን የሚጠብቁት ሰውዬ «አካም ጅርቱ» ብለው ተቀብለውን፣ አንድ እስር የባሕር ዛፍ ፍልጥ በረንዳው ላይ አስቀምጠውልን ሄዱ። ባለቤቴም እሳት ሊያነድ ተቀመጠ።

በትዳራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ የሰፈነበት ግማሽ ሰዓት አላስታውስም። ወፍራም ወፍራሙን ፍልጥ ከታች ደርድሮ፣ ከላይ ወረቀት አድርጎ ክብሪት ጫረ። ወረቀቱ ነደደ፣ ጠፋ። ሌላ ወረቀት ነደደ፣ ጠፋ። የልጄ የሒሳብ ደብተር የኋላ ገጾች ሁሉ ተቃጠሉ። እኔ በበኩሌ የቢዝነስ ዲግሪዬን ይዤ «ካርቶን ብንጨምርበትስ» እያልኩ አማክር ነበር። ክፍሉ በጭስ ተሞላ፤ ትንሹ ልጄ ማልቀስ ጀመረ።

አባባ ከወንበራቸው ተነሡ። ምንም አልተናገሩም። ፍልጡን አውጥተው አንዱን በቢላ እየሰነጠቁ እንደ ጣት የቀጠነ ጭራሮ አበጁ። ሁለት ፍልጥ ግራና ቀኝ አስቀምጠው መሐሉን ባዶ ተዉት፤ «እሳት የሚተነፍሰው ከታች ነው» አሉ። ጭራሮውን ባዶው ላይ አጋድመው፣ በአንድ ክብሪት ለኮሱ። ከዚያ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ጉንጫቸውን ሳይነፉ፣ በቀጭኑ እፍ አሉበት። ያዘ። ጭሱ ወደ ማውጫው ሲሳብ ቀና ብለው አዩና «ጭስ በሩን የሚያውቅበት ቤት!» ብለው ሳቁ። ስንት ጊዜ ሳይስቁ እንደቆዩ የታወቀኝ ያኔ ነው።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልምከርዎ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ቤትዎ በግማሽ ሰዓት የሚበስለው ነገር እዚህ ይቆያል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ባቄላና ጥቅል ሥጋ ይዤ ሄጃለሁ፤ ባቄላው ከሦስት ሰዓት በኋላም ጥርስ ይፈትን ነበር። እርስዎ ሽሮ ይያዙ። እንቁላል፣ ድንችና ዳቦ ከዲንሾ ሱቆች ያገኛሉ። ሳላምንባቸው የይዘሽልኝ ዝርዝራቸው ውስጥ ያስገቡት የአባባ በሶ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጠቀመን፤ ልጆቹ በማር በጥብጠውላቸው ከተማ ከተመለስንም በኋላ ይጠይቃሉ።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ ነበር። ከበረንዳው ሃያ እርምጃ እንኳ በማይርቅ ቦታ ደግሞ ጥምዝ ቀንድ ያለው ትልቅ እንስሳ ቆሞ ያየኛል። የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ውጭ በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ ሳይንስ መዝግቦ ያወቀውም በ1910 እ.ኤ.አ. ብቻ ነው። ልጆቹን በሹክሹክታ ቀሰቀስኳቸው። ፒጃማቸው ላይ ጋቢ ደርበው ወጡ። አባባም ከኋላቸው ወጥተው «ይኼ እኮ የአሥር ሳንቲሙ ነው» አሉ።

ልጆቹ አልገባቸውም። እውነት ነው፤ በአሥር ሳንቲም ላይ ያለው የደጋ አጋዘን ነው። ግን ልጆቼ አሥር ሳንቲም በእጃቸው ይዘው አያውቁም። አባባ የአሥር ሳንቲም ዋጋ ምን ያህል እንደነበረ፣ ምን ምን ይገዛበት እንደነበር ማስረዳት ጀመሩ። አጋዘኑ እስኪሰለቸውና እስኪሄድ ድረስ ያወሩ ነበር።

ዲንሾ ዙሪያ ያለው ጫካ ለሕፃናት እግር የሚመች ነው። የፓርኩን መግቢያ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ይክፈሉ፣ የአካባቢውን አስጎብኚ ይያዙ። ከርከሮ፣ የምኒልክ ድኩላና ከተሳካልዎ ጥድ ላይ የተኛ ጉጉት ያያሉ። እኛ ግን ከአስጎብኚው ይልቅ የምንከተለው አባባን ሆነ። ኮሶውን በቅርፊቱ ለዩት፤ ሴቴው ዛፍ ላይ ቀላ ያለውን የአበባ ዘለላ አሳይተው፣ የኮሶ ትል ለማውረድ እንዴት እንደሚጠጣና ጣዕሙ ምን እንደሚመስል ፊታቸውን አጨማደው ሲተርኩ ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። አስታውን፣ አምጃውን በስማቸው ጠሩ። ከመንዝ ይህን ያህል ርቀት ላይ ሁሉም ያው እንደነበረ ነው የሚያገኙት። እኔ የማውቀው ጥዱን ብቻ ነበር፤ እሱንም ከገና።

አንድ ጊዜ ግን ነገሩ ሊበላሽ ነበር። አባባ ለጭራሮ የሚሆን የደረቀ የጥድ ቅርንጫፍ ከመሬት አንሥተው ሲመጡ፣ የቤቷ ጠባቂ በአክብሮት አስቆሟቸው። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከጫካው የወደቀም ቢሆን አናነሣም።» ማገዶ የሚመጣው ከውጭ ከተተከለ ባሕር ዛፍ ብቻ እንደሆነ፣ የወደቀውን ማንሣት ከተፈቀደ ነገ የሚወድቅ ዛፍ እንደሚበዛ ነገሯቸው። አባባ በማያውቁት ሰው ሲታረሙ ዝም እንደማይሉ ስለማውቅ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ቅርንጫፉን ወደነበረበት መልሰው መጡ። «ደግ ነው። እኛም አገር ጓሳ እንዲህ ይጠበቅ ነበር» አሉ። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ የጓሳ ሣር ለዓመታት እንዴት ተዘግቶ እንደሚቆይ፣ ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ እንዴት እንደሚታጨድ፣ በድብቅ የሚያጭድ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሲያወሩ ቡናው ሁለት ጊዜ ፈላ። ፓርኩ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እኔ ግን ጫካው እስከ ዛሬ እንዴት እንደቆመ የገባኝ ከዚያች ቅርንጫፍ ነው።

ሁለተኛው ሌሊት ከመጀመሪያው የባሰ ቀዘቀዘ። ሁለት ክፍል ቢኖረንም ሁላችንም ፍራሽ እየጎተትን እሳቱ ያለበት ክፍል ተሰበሰብን። የቤቷ ብርድ ልብሶች ከበግ ጠጉር የተሠሩ፣ ከባድና ሻካራ ናቸው። ልጄ «ይሸታል» ብላ ገፋችው። አባባ አንሥተው ጫፉን በጣታቸው እያሹ ረጅም ጊዜ ቆዩ።

«ይኼ ባና ነው» አሉ። ከዚያ ያወሩትን እኔ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ሰምቼው አላውቅም።

ለትምህርት ከመንዝ ወደ ደብረ ብርሃን በእግር ሲሄዱ ዕድሜያቸው አሥራ ሦስት ነበር። እናታቸው ጠጉሩን ራሳቸው ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው ያሠሩላቸውን ባና አሸክመው ሸኟቸው። ከተማ ሲገቡ ልጆቹ በባዶ እግራቸው ሳቁባቸው። በወሩ ባናውን ገበያ አውጥተው ሸጡና የሸራ ጫማ ገዙ። ለእናታቸው «ተሰረቅኩ» ብለው ላኩ። እናታቸውም ክረምቱን ሙሉ ፈትለው ሌላ ላኩላቸው።

«እስከዚያ አልበረደዎትም?» አለች ልጄ።

«ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በአንድ ጋቢ እንተኛ ነበር» አሉ። «እንደ ውሸቱ ግን ብርዱ አልከበደኝም።»

እሳቱ ላይ አንድ ፍልጥ ጨመሩ። ማንም አልተናገረም። ልጄ ብርድ ልብሱን ስባ እስከ አገጯ ለበሰችው።

በሦስተኛው ቀን በሮቤና በጎባ አድርገን ሳነቴ አምባ ላይ ወጣን። ከዚህ ቤት ተነሥተው በአንድ ቀን ደርሰው ይመለሳሉ። መንገዱ 4,000 ሜትርን ይሻገራል፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች አንዱን ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ አየነው። ጅብራዎቹ መሐል ፎቶ ተነሣን። ትንሹ ልጄን ራስ ምታት ስለያዘው ብዙ ሳንቆይ ወረድን፤ ዝቅ እንዳልን ተሻለው። ልጆች ይዘው ከሄዱ ሳነቴን ለመጀመሪያው ቀን አያድርጉት። መጀመሪያ ዲንሾ አንድ ሁለት ቀን ይቆዩ፣ ውሃ ያብዙ፣ ራስ ምታቱ ካልለቀቀ ደግሞ ቀበሮውን ትተው ይውረዱ።

ለጉዞው ወፍራም ካልሲ ለአንድ ሰው ሦስት ጥንድ፣ ለእያንዳንዱ የእጅ ባትሪ፣ የራስዎን ቡና እና ካርታ ይያዙ። ካርታ ስል የሚጫወቱበትን ነው።

ስንመለስ የመኪናው ግንድ ውስጥ የተረፈው ባቄላ ብቻ ነበር። አሰላን አልፈን ስልኬ መንጫጫት ሲጀምር ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ ከኋላ ወንበር ልጄ ሁለት ቀን ስታብሰለስለው የቆየችውን ጥያቄ እየጠየቀች ነበር።

«አባባ፣ እናትዎ ግን ውሸት መሆኑን አወቁ?»

አባባ በመስኮቱ እያዩ ዝም ብለው ቆዩ።

«ሁለተኛውን ባና ስትልክልኝ» አሉ በመጨረሻ፣ «መሐሉን ቀዳ በጥቁር ክር መልሳ ሰፍታው ነበር። የሸማኔ ስህተት መስሎኝ ኖሬ፣ አንድ ቀን ገበያ መሐል ስሄድ ገባኝ። የተሰፋ ባና ማን ይገዛል?»