ችፌ ነው ወይስ እከክ? ከሸዋ ሮቢቷ እናት የተማርኩት

ዛሬ ስለ ሕፃናት ችፌ (ኤክዜማ) እጽፍላችኋለሁ። የምጀምረው ግን ከራሴ ስህተት ነው።

ገና ጀማሪ ሐኪም ሆኜ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ስሠራ አንዲት እናት የአምስት ወር ልጇን አዝላ መጣች። የልጁ ጉንጭና ግንባር ሻክሯል፤ ክንዱና እግሩ ላይ የጠቆረ ሽፍታ አለ። ሌሊት ሌሊት ፊቱን ከትከሻዋ ጋር እያሸ ያለቅሳል። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በአማራ ክልል የእከክ ወረርሽኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚያሳክክ ሽፍታ ሳይ ቶሎ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው እከክ ነበር። ብዙም ሳልጠይቅ የድኝ ቅባት አዘዝኩ። ቤተሰቡ በሙሉ እንዲቀባ፣ ልብስና አንሶላው እንዲቀቀልም ነገርኳት።

በአሥረኛው ቀን ተመለሰች። የልጁ ቆዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጉንጩ ውኃ ያዣል።

«ዶክተር፣ ያሉኝን ሁሉ አድርጌአለሁ» አለችኝ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጎረቤት ልጄን ማቀፍ ትቷል። አማቴ ደግሞ ጡትሽ ነው የጎዳው ብለው ወተትና እንቁላል ከልክለውኛል» አለች።

ያኔ ነው በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኳት። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ? «ማንም የለም።» ከቤተሰብ አስም ያለበትስ? «አባቱ።» ልጁ እከክ አልነበረበትም፤ ችፌ ነበር። ሁለት ጥያቄ ባለመጠየቄ አንድ ሕፃን አሥር ሌሊት ተሰቃየ፤ እናቱም ያለ ጥፋቷ ተወቀሰች።

ስለዚህ እናንተም ልዩነቱን እወቁ። እከክ በዓይን በማትታይ ተባይ የሚመጣና የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ የቤተሰብ አባል ያሳክከዋል። በጣቶች መሐል፣ በሕፃናት ላይ ደግሞ በመዳፍና በውስጥ እግር ጭምር ይወጣል። ችፌ ግን አይተላለፍም። ልጁን እቀፉት፣ ሳሙት። ብዙ ጊዜ ከጉንጭ፣ ከግንባርና ከራስ ቅል ይጀምራል፤ ዳይፐር የሚሸፍነው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። በእኛ ቆዳ ላይ እንደ ፈረንጆቹ ሥዕል ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ወይም ግራጫ መሰል፣ ሲዳሰስ ሻካራ ነው።

ምክንያቱስ? የልጁ ቆዳ በተፈጥሮው እርጥበቱን አጥብቆ አይዝም፤ የሚያስቆጣውንም ነገር በቀላሉ ያስገባል። አስም፣ የአፍንጫ አለርጂ ወይም ችፌ ባለበት ቤተሰብ ይበዛል። የእናት ጥፋት አይደለም።

እንደ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ሰንበቴ ባሉ የይፋት ቆላዎች ዋናው ጠላት ሙቀትና ላብ ነው። ስለዚህ፦

• በቀን አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውኃ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እጠቡት። ሽታ ያለው ሳሙና ይቅር።
• ሳታሹ በፎጣ ጠብ ጠብ አድርጉና ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ መላ አካሉን ቀቡት። በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ።
• ሲያልበው በንጹሕ ውኃ አለቅልቁትና እንደገና ቀቡት።
• የጥጥ ልብስ አልብሱት። ስታዝሉት በደረቱና በጀርባችሁ መካከል ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አድርጉ።
• ጥፍሩን አሳጥሩ።
• ሎሚ፣ ጤና አዳምና ፓውደር አትቀቡት።

ዘመድ ጥየቃ ወደ ደብረ ሲና ወይም ደብረ ብርሃን ስትወጡ ደግሞ ብርዱ ቆዳውን ያደርቀዋል፤ ቫዝሊኑን ጨምሩ።

ቆዳው ሲቆጣ ሐኪም እንደ ሃይድሮኮርቲዞን 1% ያለ ቀላል ቅባት ሊያዝ ይችላል። ብዙ እናቶች ፈርተው በሁለተኛው ቀን ያቆሙታል፤ ችፌውም ይመለሳል። ሐኪሙ እስካለው ቀን ድረስ፣ በተቆጣው ቦታ ላይ ብቻ ቀቡ። በአዋቂ ሰው የሌባ ጣት ጫፍ ላይ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የወጣ ቅባት፣ ሁለት የአዋቂ መዳፍ ለሚያክል ቦታ ይበቃል። ነገር ግን ለማድያት ተብለው የሚሸጡ ጠንካራ ቅባቶችን ከሱቅ ገዝታችሁ ሕፃን ላይ አትቀቡ፤ ቆዳ ያሳሳሉ፣ ወደ ደምም ሊገቡ ይችላሉ።

እናቶች ሆይ፣ ያለ ሐኪም ምክር ወተትና እንቁላል ከራሳችሁ አትከልክሉ፤ ጡት ማጥባትም አታቁሙ። ልጁ አንድ ምግብ በቀመሰ ቁጥር ወዲያው ቢያብጥ፣ ቢያስመልስ ወይም ቢያንቀው ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነውና ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ሽፍታው ቢጫ ቅርፊት ከያዘ፣ መግል ካለው፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ወይም ክብ ክብ የሆኑ የሚያሙ ውኃ ቋጣሪዎች በአንድ ላይ ከወጡ፣ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ጤና ተቋም ሂዱ።

ያቺ እናት ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትመጣ ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቶ ነበር። ጉንጩ ላይ ነጣ ያሉ ምልክቶች ቀርተዋል፤ እነሱም ቀስ በቀስ ወደ ቀለማቸው ይመለሳሉ። «ጠፋ ማለት ነው?» አለችኝ። አልዋሸኋትም፤ ችፌ ይሄዳል፣ ይመጣል። ብዙ ልጆች ግን እያደጉ ሲሄዱ ይሻላቸዋል። አማቷም አብረዋት መጥተው ነበር። «እንግዲያው እንቁላሉን ትብላ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ትብላ እንጂ፣ እማማ» አልኳቸው።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅባት ከማዘዜ በፊት «ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሐኪማችሁ ካልጠየቃችሁ እናንተው ቀድማችሁ ንገሩት።