የማይዘጋ ሒሳብ

ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የሚነገሩ ጥቃቅን ወሬዎች ብዙ ናቸው። አብርሃም ሊንከን ደብዳቤዎቻቸውን በረጅሙ ባርኔጣቸው ውስጥ ይሸጉጡ ነበር ይባላል፤ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ደግሞ ረጅም የትረካ ግጥም አሳትመዋል። እኔን ግን ከሁሉም ይልቅ የሚስቡኝ 39ኛው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ናቸው። ምክንያቴ ሁለት ነው፤ አንደኛው ግጥም፣ ሁለተኛው ወረንጦ። የሁለቱን ዝምድና እስካስረዳ ድረስ አንባቢዬ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ የሚያስገርመውን እናስቀድም። ካርተር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1924 ፕሌይንስ በምትባል የጆርጂያ ትንሽ ከተማ ሲወለዱ፣ በሆስፒታል የተወለዱ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል፤ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሁሉ የቤት ልጆች ናቸው። ዓለም የሚያውቃቸው በለውዝ ገበሬነታቸው ቢሆንም፣ በባሕር ኃይል ውስጥ የኑክሌር ሙያ የተማሩ መኮንን ነበሩ፤ በ1952 ካናዳ ውስጥ አደጋ የደረሰበትን ማብላያ ለማጽዳት ከተላኩት አንዱ እርሳቸው ናቸው። በ1969 አንድ ምሽት ሰማይ ላይ ምንነቱን ያላወቁት ብርሃን ማየታቸውን በጽሑፍ አመልክተዋል። በ1979 ደግሞ በዋይት ሐውስ ጣሪያ ላይ ውኃ በፀሐይ የሚያሞቁ ሰሌዳዎችን አስተክለዋል።

ግጥም ወዳድ ለሆነው አንባቢዬ ግን ከእነዚህ ሁሉ የምትበልጥ አንዲት ታሪክ አለችኝ። ካርተር በ1977 ለንደንን ሲጎበኙ ወደ ዌስትሚንስተር ገዳም ገብተው የባለቅኔዎቹን መታሰቢያ ተመለከቱ። የሚወዱት የዌልሱ ገጣሚ ዲላን ቶማስ ስም ግን ከዚያ የለም። ለምን ተብሎ ተተወ? ብለው ጠየቁ፤ ጠይቀውም አልተዉትም፤ ጉዳዩን ገፉበት። በ1982 ለገጣሚው የመታሰቢያ ድንጋይ በዚያው ተቀመጠ። የአንድ አገር መሪ ስለ አንድ ሟች ገጣሚ ስም መጨነቁ ለእኔ ከብዙ የፖለቲካ ድል ይበልጣል።

እርሳቸውም ገጣሚ ነበሩ። በ1995 ያሳተሙትን የግጥም መድበል በሥዕል ያስጌጠችው የልጅ ልጃቸው ናት። የመድበሉን ርእስ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ሁልጊዜ ሒሳብ አለ» እንደ ማለት ነው። ይህን ርእስ ባየሁ ጊዜ ፈገግ ማለቴ አልቀረም፤ እኔ ራሴ ሰቆጣ ላይ በአንድ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝና። የእኔም ቀን ያለ ሒሳብ አይመሽም። የገባው ከወጣው ጋር ካልታረቀ፣ አንዲት ብር ብትጎድል እንኳ፣ በሩ አይዘጋም።

በመስኮቴ ፊት ከሚቆሙት ደንበኞች መካከል ልቤን የሚነኩት አሮጊቶች እናቶቻችን ናቸው። ከደሃና፣ ከጋዝጊብላ፣ ከዝቋላ ገጠሮች ይመጣሉ። አውራ ጣታቸውን በቀለሙ ላይ ይጫኑና፣ የሰጠኋቸውን ብር ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው፣ በጣታቸው እየዳሰሱ ይቆጥራሉ። ዓይናቸው ያነባል፤ ብርሃን ይወጋቸዋል። ከአንዳንዶቹ አንገት ላይ፣ ከማተባቸው ጎን፣ ትንሽ ወረንጦ ተንጠልጥሎ ይታያል።

የአያቴም ወረንጦ በአንገቷ ላይ ነበር። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ትጠራኝና «ና እስቲ ልጄ፣ ያንተ ዓይን ያያል» ትለኝ ነበር። ወደ ውስጥ የተቀለበሰውን የሽፋሽፍቷን ፀጉር አንድ በአንድ እነቅልላታለሁ። ለጥቂት ቀን ዕረፍት ታገኛለች። ፀጉሩ መልሶ ሲበቅል ግን እንደ እሾህ ቆንጥሮ ይበቅላል፤ እንደገናም ያው ነው። በኋላ ግራ ዓይኗ ጠፋ፤ ቀጥሎ ቀኙ። ቡና እያፈላች ጀበናው መፍላቱን በድምፁ ብቻ ለመለየት በቃች። ስትሞት ወረንጦውን ከአንገቷ የፈታችው እናቴ ናት።

የዚህ በሽታ ስሙ ትራኮማ ነው፤ የአገራችን ሰው ማዝ ይለዋል። ተህዋሲው በዝንብ፣ በጨርቅና በእጅ ከሕፃን ወደ ሕፃን ይዛመታል። በልጅነት ደጋግሞ ያመረቀዘ ዓይን ቆቡ ውስጡ ይጠባሰሳል፤ ጠባሳውም ዓመታት ቆይቶ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ፀጉሩ ብሌኑን እየፋቀ ያጠፋዋል። እናቶች ከሕፃናት ጋር ስለሚውሉ ከወንዶች ይልቅ እነርሱን ይበረታባቸዋል። በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከሁሉ የከፋው አማራ ክልል ሆኖ ተገኘ፤ ከ10 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት ከ60 የሚበልጡት ታመው ነበር።

እንግዲህ ገጣሚው ፕሬዚዳንት ወደ እኛ ደጃፍ የሚመጡት በዚህ በኩል ነው። በ1980 ምርጫ ተሸንፈው ወደ ፕሌይንስ የተመለሱት ካርተር፣ ከባለቤታቸው ከሮዛሊን ጋር ያቋቋሙት ማእከል ከ2001 ጀምሮ በአማራ ክልል ከጤና ቢሮው ጋር በትራኮማ ላይ ሠርቷል። ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ፊት መታጠብ፣ የአካባቢ ንጽሕና፤ እነዚህ አራቱ የሥራው ምሰሶዎች ናቸው። ከሁሉ ያስገረማቸው የመጸዳጃ ቤቱ ነገር ነበር። የታቀደው ጥቂት ሺህ ሲሆን ገበሬው በብዙ እጥፍ ቆፈረ። ምክንያቱ ሲጣራ የሴቶቹ ግፊት ሆኖ ተገኘ፤ በይሉኝታ ታስረው ጨለማ እስኪመሽ ይታገሡ የነበሩት እነርሱ ናቸውና። ካርተርም በኢትዮጵያ የታወቅሁት በመጸዳጃ ቤት አሠሪነቴ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር። ለቀልዱ ሥር አለው፤ እርሳቸውም ያደጉት መጸዳጃው ከጓሮ፣ ውኃው ከጉድጓድ በሆነበት የገጠር ቤት ነው፤ እናታቸውም ነርስ ነበሩ።

ይሁንና ሒሳብ ከተባለ ሁለቱም ወገን መጻፍ አለበት። በየካቲት 1977 የካርተር መንግሥት በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ ዕርዳታ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ደርግ ቃኘውን ጨምሮ የአሜሪካ ተቋማትን ዘጋ፤ በሐምሌ ደግሞ የሶማሊያ ጦር ወረረን። ያን ዘመን ያዩ አባቶች የካርተርን ስም ሲሰሙ ዛሬም ፊታቸው ይከፋል። በመስከረም 1989 እኒሁ ሰው ደርግንና ሻዕቢያን አትላንታ ላይ ፊት ለፊት አስቀምጠው አነጋገሩ፤ ሰላሙ ግን አልመጣም።

የጤናውም ሒሳብ ቢሆን ገና አልተዘጋም። በሰቆጣ ከተማ፣ በሰቆጣ ዙሪያና በጋዝጊብላ በሚገኙ 40 የገጠር መንደሮች አንድ ትልቅ ሙከራ ተካሂዶ ነበር። ለእኩሌታዎቹ የውኃ ቦታ ተሠራላቸው፣ ሳሙና ተሰጣቸው፣ ስለ ንጽሕናና ስለ መጸዳጃ ቤት ትምህርት ቀረበላቸው፤ እኩሌታዎቹ እንዲቆዩ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሁለቱ ወገን ሕፃናት ዓይን ላይ የተገኘው ተህዋሲ በግልጽ አልተለያየም። ውጤቱ በ2022 ለዓለም ታተመ። በአገሬ አፈር ላይ የተገኘ መራራ እውነት ነው፤ ግን ያልሰመረን ነገር አልሰመረም ብሎ መጻፍም የታማኝ ሒሳብ ያዥ ወግ ነው። በመካከሉ በ2021 ጦርነቱ ዋግ ድረስ ደረሰ፤ ሰቆጣም ለወራት ከእጅ ወጥታ ቆየች።

ካርተር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2024 በ100 ዓመታቸው አረፉ። የዓለም ዜና የካምፕ ዴቪድን ስምምነት፣ የቴህራንን ታጋቾች፣ የኖቤል ሽልማታቸውን አነሣ። ስለ ወረንጦ የተናገረ አልሰማሁም። ለእኔ ግን ትንሹና ያልታወቀው የሕይወታቸው ገጽ ከታወቀው ይልቅ ወደ ቤቴ የቀረበ ነው። አያቴ ስማቸውን አታውቅም ነበር፤ እርሳቸውም የእርሷን።

የትራኮማ መድኃኒት ሲታደል ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሚዛን የለም፤ መጠኑ የሚወሰነው ምልክት በተደረገበት ዘንግ፣ በቁመት ነው። ሕፃናቱ በተራ ከዘንጉ አጠገብ ይቆማሉ። ሁሉም ረጅም መስሎ ለመታየት ተረከዙን ያነሣል፤ የጤና ሠራተኛዋም ትከሻውን በእጇ ዝቅ እያደረገች «ቀጥ ብለህ ቁም፣ ወደ ፊት እይ» ትለዋለች።