ጉም የለበሰው መስታወት

ሰው ሲሳሳት አንድ ጊዜ ይጎዳል፤ ስሕተቱን ሲሸፍን ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ሁለተኛውም ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በሌላ ሰው ላይ ነው። ይህን ያስተማረኝ ትልቅ መጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማይበልጥ የፕላስቲክ አይሮፕላን ነው።

የእናቴ ወንድም በወጣትነታቸው በደብረ ዘይት በአየር ኃይል ውስጥ መካኒክ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አየር ኃይሉ ይገለገልባቸው ከነበሩት ጄቶች አንዱ ኤፍ 86 ሴበር ነበረና፥ ካረጁም በኋላ ስሙ ሲነሣ ፊታቸው ይበራ ነበር። በ2005 ዓ.ም. እኔ የ16 ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ የዚህኑ አይሮፕላን ሞዴል ሳይገጣጠም በካርቶን አመጣላቸው። መጠኑ 1 ለ48 ነው፤ ይኸውም 11 ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝመው አይሮፕላን 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ የተሠራ ነው።

አጎቴ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለ ነበር፥ እሳቸው በቃል ይነግሩኛል፥ እኔ በእጄ እሠራለሁ። ወንበሩንና የመቆጣጠሪያውን ሰሌዳ ቀለም ቀብተን አስገባን። የቀረው አብራሪው ከሚቀመጥበት በላይ የሚገጠመው ጥርት ያለ ክዳን ብቻ ነበር፤ መስታወት እንለዋለን እንጂ እርሱም ፕላስቲክ ነው።

«ልጄ፥ በመስታወቱ አትቸኩል» አሉኝ። «አስቀድመህ ያለ ማጣበቂያ ለካው፤ ጠርዙ አልገጥም ካለ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጥቂት በጥቂት ፈግፍገው። ውስጡን በጣትህ አትንካ። ከዚያ ነጭ ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ እየነካህ ጠርዙን ቀባውና እስከ ነገ ተወው። በእውነተኛው አይሮፕላን መስታወት ላይ አንዲት ጉድፍ ብትኖር፥ አብራሪው የሩቅ አይሮፕላን ትመስለዋለች፤ ወይም የሩቁን አይሮፕላን ትሸፍንበታለች።»

በማግሥቱ አንደኛውን ዓይናቸውን ለመታከም ይሄዱ ነበርና፥ ሥራውን ፈጽሜ ላስደስታቸው ቸኮልሁ። ነጩን ኮላ ትቼ ቶሎ የሚይዘውን ሱፐር ግሉ አደረግሁበት። በደቂቃ ውስጥ ያዘ። ቆይቼ ስመለስ ግን መስታወቱ ከውስጥ በኩል ነጭ ጉም ለብሶ አገኘሁት። ኋላ እንደ ተረዳሁት፥ ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ተን ይወጣዋል፤ ተኑም በዝግ ቦታ ከታፈነ በአየሩ እርጥበት እየጠነከረ በፕላስቲኩ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የጣት አሻራ ባለበት ላይ ደግሞ ይበልጥ ይይዛል፤ የወንጀል መርማሪዎችም የተሰወረ አሻራ ለማውጣት በዚሁ ተን ይጠቀማሉ። በጉሙ መካከል የአውራ ጣቴ አሻራ መሥመር በመሥመር ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

አጎቴ ሞዴሉን በእጃቸው እየዳሰሱ፥ «ወንበሩ በመስታወቱ ውስጥ ይታያል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎን ጋሼ፥ መስታወቱ እንደ ውሃ ጠርቷል» አልኋቸው። አያዩም ብዬ ዋሸሁ።

ሕክምናው ተፈጽሞ የዓይናቸው መሸፈኛ ከተነሣ በኋላ፥ ገና ወደ ቤት እንደ ገቡ ሌላ ነገር ሳይመለከቱ ሞዴሉን አነሡ። ወደ መስኮቱ አቅርበው አዩት፤ ዓይናቸውን በመሐረብ ጫፍ አበሱ፤ ደግመው አዩት። ፊታቸው ጠቆረ። ዝቅ ባለ ድምፅም፥ «ሞራው አልለቀቀኝም መሰለኝ» አሉ።

እናቴ ደንግጣ ተነሣች። እኔ ግን ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። መስታወቱ ጥሩ ነው ብዬ ነግሬያቸው ነበርና፥ አጎቴ ከገዛ ዓይናቸው ይልቅ የእኔን ቃል አምነው ነበር።

«ጋሼ፥ ጉሙ ከመስታወቱ ነው እንጂ ከዓይንዎ አይደለም። የዋሸሁዎት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ፥ ቀጥሎም የእናቴን ፊት ተመለከቱና በረጅሙ ተነፈሱ። «በል፥ ምላጭ አምጣና መስታወቱን እናንሣው» አሉኝ።

ጠርዙን በቀጭን ምላጭ ቀስ እያልን አላቀቅነው። ውስጡን በለስላሳ ጨርቅና በጥርስ ሳሙና ብዙ ሰዓት ፈተግሁት፤ በሳሙና ውሃ አጥቤም አደረቅሁት። አሁን ነጩን ኮላ ቀብቼ፥ በፕላስተር ይዤ እስከ ማግሥቱ ሳልነካው ቆየሁ። ኮላው ሲደርቅ ጠርቶ ጠፋ፤ ወንበሩም ታየ። ከጠርዙ በኩል ግን ጥቂት ጉም አልለቀቀም፤ ዛሬም ለሚጠይቀኝ ሁሉ አሳየዋለሁ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የተበላሸ መስታወት ይፈተጋል፤ ባይለቅም ሌላ ይገዛል። የሚያምንህን ሰው የገዛ ዓይኑን እንዲጠራጠር ካደረግኸው ግን ያን በምን ትፈትገዋለህ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እስኪጠራ ድረስ በመካከሉ የሚጨነቀው ማን እንደ ሆነ ግን አስብ፤ ጥፋትህንም ሰው ሳያይብህ አስቀድመህ ተናገር።